«ጋሼ፣ ዘፈቀደ ማለት እንደፈቀድነው ነው?»

ባለፈው ሰሞን አንዲት ወጣት ጥያቄ አመጣችልኝ። የስታቲስቲክስ ተማሪ ናት፤ ሁለተኛ ዓመት። «ጋሼ፣ ስቶካስቲክ የሚለው ቃል ከየት መጣ? ከራንደም ጋርስ ልዩነቱ ምንድን ነው? መምህሬን ስጠይቀው ፈተና ላይ አይመጣም አለኝ።»

ቀላል ጥያቄ ነው። አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። እኔ ግን «እስቲ አስቤበት ልንገርሽ» ብዬ ሸኘኋት። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያስጨነቀኝ የግሪኩ ቃል አይደለም። «ፈተና ላይ አይመጣም» የምትለዋ መልስ ናት። እኔም በጊዜዬ ከዚያች የባሰች መልስ ለአንድ ልጅ ሰጥቻለሁ። ከዚያ የተከተለውን ለማንም በወጉ ተናግሬ አላውቅም። ስለዚህ ይህን ለእሷም እጽፋለሁ፣ እንደ እሷ ለምትጠይቁትም፣ መጠየቅ ለተዋችሁትም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። የቃል ሥር መቆፈር የሥራ ፈት ሥራ ነው ብዬ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቃል የሚኖረው ዛሬ ሰው በሚጠቀምበት ትርጉሙ ነው፤ ቅድመ አያቱን ማወቅ ለስሌት አይረዳም። አሁንም በአብዛኛው እንደዚያው አምናለሁ። ይህን እያመንኩ የሚቀጥለውን ሁሉ ስለ ቃል ሥር ልጽፍ ነው። ታገሡኝ።

ያኔ 29 ዓመቴ ነበር። የአንድ ጥናት የመስክ አስተባባሪ አድርገው ሾሙኝ። ጥናቱ ቤተሰቦች ውሃ ቀድተው ለመመለስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅባቸው የሚጠይቅ ነበር። ስድስት መረጃ ሰብሳቢዎች ከእኔ በታች ተመደቡ። አምስቱ መስክ የለመዱ ናቸው። ስድስተኛው ገና 19 ዓመቱ ነው፤ ሥራ ሲይዝ የመጀመሪያው ነበር። ስሙን አልረሳሁትም፤ እዚህ ግን አልጽፈውም።

መመሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በአንድ ሌሊት ጨረስኩት፤ በዚያም ስኮራ ነበር። አራተኛው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ «በየመንደሩ 20 ቤተሰቦችን በዘፈቀደ ምረጡ።» አምስተኛው አንቀጽ ስለ እርሳስና ላጲስ ነው። ቤቶቹ እንዴት እንደሚመረጡ አንድ መስመር እንኳ የለም። ስለ ላጲስ ሦስት መስመር አለ።

ለምን የለም? ለእኔ ግልጽ ስለነበረ ነዋ። «በዘፈቀደ» ስል ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው የመማሪያ መጽሐፉ ትርጉም ነው። የመንደሩን ቤቶች አንድም ሳይቀር መዝግብ። ለእያንዳንዱ ቁጥር ስጥ። ከዘፈቀደ ቁጥሮች ሠንጠረዥ 20 ቁጥር አውጣ። የወጣልህን ቤት ሄደህ አንኳኳ፤ ሩቅ ቢሆንም፣ ውሻ ቢኖረውም፣ ባለቤቱ ግልፍተኛ ቢሆንም። ይህ ሁሉ ለእኔ በአንዲት ቃል ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሌላው ሰው ግን የሚያየው ቃሏን ብቻ ነው።

ስልጠናው ላይ አንቀጽ አራትን አንብቤ ላልፍ ስል ልጁ እጁን አወጣ።

«ጋሼ፣ ዘፈቀደ ማለት እኛ እንደፈቀድነው ማለት ነው?»

ሰዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ያልኩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «እዚህ የመጣነው ሰዋስው ልንማር አይደለም። ዝም ብለህ ምረጥ።»

ዝም ብለህ ምረጥ! አማርኛ ለሚችል ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ አልሞክርም። ብዙ አትጨነቅ፣ የቀናህን ያዝ ማለት ነው። እኔ ግን ትክክለኛውን መልስ የሰጠሁ መስሎኝ ወደ ላጲሱ አለፍኩ።

ልጁ እኮ ልክ ነበር። ቃሉ ግዕዝ ነው። «ዘ» አለ፣ «ፈቀደ» አለ። ዛሬ «ፈቀደ» ስንል ይሁን አለ፣ አላገደም ማለታችን ነው። በግዕዝ ግን ወደደ፣ ፈለገ፣ አሰኘው ማለት ነው። «ዘፈቀደ» የወደደውን፣ ያሻውን ነው። በአማርኛም «እሱ በዘፈቀደ ነው የሚሠራ» ሲባል ደንብ የለውም፣ እንዳሻው ነው ማለታችን ነው። ናሙና አወሳሰድ ውስጥ ግን አንድና ዋናው ክልክል ነገር ይኸው የመራጩ ፈቃድ ነው። የሰው ፈቃድ ከገባበት የትኛው ቤት ምን ያህል የመመረጥ ዕድል እንደነበረው አይታወቅም። ያ ካልታወቀ ደግሞ ከ20 ቤት ተነስቶ ስለ መንደሩ ሁሉ የሚናገር ስሌት መሠረት የለውም። እንግዲህ ለአንድ ሙያ መሠረት ለሆነ ነገር የሰጠነው ስም፣ ሙያው አጥብቆ የሚከለክለውን ነገር የሚያዝ ነው። ይህን ያስተዋለ አንድ የ19 ዓመት ልጅ ነው። እሱን ዝም አሰኘሁት።

በነገራችን ላይ እንግሊዞቹም ከእኛ አይሻሉም። እኛ ዘፈቀደ የምንለው የእነሱ «ራንደም» የመጣው «ራንዶን» ከሚል የድሮ የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ትርጉሙ ግስጋሴ፣ በኃይል መሮጥ ነው። ልጓሙን የበጠሰ ፈረስ አስቡ። ከዚያ ወደ «ያለ ጥንቃቄ»፣ «እንደመጣ» ተሻገረ። ቆይቶ ነው ስታቲስቲክስ ወስዶ በልጓም ያሰረው። እነሱ ለፈረሱ ሰጡት፣ እኛ ለፈቃዳችን። «ዕጣ» የምትባል ጥሩ ቃል እያለችን!

ወደ መስኩ ልመለስ።

በሦስተኛው ሳምንት የተሞሉ መጠይቆች መግባት ጀመሩ። ያኔ ኮምፒውተር አልነበረንም፤ የምንደምረው በእጅ ነው። ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ አንዲት የመረጃ አራሚ ነበረች። ብዙ አትናገርም። አንድ ቀን አንድ እስር መጠይቅ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና «እዚህ መንደር ሁሉም ሰው ውሃው ደጁ ነው» አለችኝ። አገላበጥኩት። 20 ቤተሰብ፤ ሁሉም ከ15 ደቂቃ በታች። የልጁ መጠይቆች ናቸው።

በማግስቱ ሄድኩ። መንደሩን አንድ መንገድ ለሁለት ይከፍለዋል። መንገዱ ዳር ቦኖ አለ። የተመረጡት 20 ቤቶች በመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ናቸው። ከኮረብታው ጀርባ ያሉት ቤቶች አንድም አልተነኩም። እዚያ ድረስ ወጣሁ። የመጨረሻው ቤት አንዲት ሴትዮ ጀሪካኗን አስቀምጣ እያረፈች ነበር። ውሃ ስንት ደቂቃ ይፈጃል አልኳት። «ደቂቃ አላውቅም» አለች። «ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት ሲወጡ አብሬ እወጣለሁ። እነሱ ሲመለሱ እኔም እመለሳለሁ።»

እየተቃጠልኩ ወረድኩ። ሁሉንም ሰበሰብኩና በሰው ፊት ልጁን አዋረድኩት። «እግርህን ሰስተህ የሁላችንን ሥራ አበላሸህ! ሰነፍ!» አልኩት። ሌላም ብዙ ነገር ብያለሁ። እሱ ጮክ አላለም። «ጋሼ፣ ዝም ብለህ ምረጥ ብለውኝ ነበር» አለ። አምስቱ ሊስቁ ፈልገው ፊቴን አይተው ተዉት። እኔ እንደ ድፍረት ቆጠርኩት። በዚያው ቀን አሰናበትኩት።

ሲሄድ ያደረገው ነገር እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። የተረፉትን ባዶ መጠይቆች አንድ በአንድ ቆጥሮ አስረከበኝ። 34 ነበሩ። ማንም ቁጠር አላለውም። እርሳሱን ቀርጾ ከላይ አስቀመጠልኝና ሄደ።

ለሁለት ሳምንት ያህል ትክክል የሠራሁ መስሎኝ ኖርኩ። ከዚያ የእሱን መንደሮች ለሌሎቹ ሳከፋፍል እግረ መንገዴን እያንዳንዳቸውን ለብቻ ጠየቅኋቸው፦ እናንተ ቤቶቹን እንዴት ነው የምትመርጡት? አንዱ ውሻ ያለበት ቤት አልገባም አለ። አንዱ በሩ ክፍት የሆነውን ነው አለ። አንደኛዋ ደከም ያሉትን ቤቶች ትመርጣለች፤ ጥናቱ ለድሆች መስሏት ነው። አንዱ ካረፈበት ቤት ተነስቶ 20 እስኪሞላ ድረስ ዙሪያውን ይዞራል። አምስተኛው ትከሻውን ነቀነቀና «የቀናኝን ነዋ» አለ።

ማንም ሠንጠረዥ አልተጠቀመም። ማንም ቤቶቹን አልመዘገበም። ስድስቱም እንደፈቀዱ ነው የመረጡት። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው። ወደ ልጁ እስር ተመልሼ ሳይ፣ በመጀመሪያው መጠይቅ ሽፋን ላይ፣ ስናደድ ያላየሁት አንድ መስመር በእርሳስ ተጽፏል፦ «ቤቶቹ የተመረጡት ከመንገድ ዳር ነው፤ ለመድረስ ስለሚቀሉ።» አምስቱ አልጻፉም። እሱ ጻፈ። ከስድስቱ መካከል እንዴት እንደመረጠ በሐቅ የመዘገበውን ለይቼ አባረርኩ ማለት ነው።

ጠርቼ ይቅርታ መጠየቅ እችል ነበር። አድራሻው ፋይል ውስጥ ነበር። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ ቆየሁ። ከዚያ ጥናቱ አለቀ፣ ፋይሉም ተዘጋ።

ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሪፖርቱ ሲጻፍ ስለ አሠራር በሚናገረው ክፍል አንዲት ዓረፍተ ነገር ገባች፦ «ናሙናው የተመረጠው በዘፈቀደ ነው።» ረቂቁ ለፊርማ ሲመጣልኝ ሁሉን ነገር አውቅ ነበር። ብዕሬን አንስቼ ፈረምኩ። ከሐሰት እንዳልቆጥረው አንድ ማምለጫ ነበረኝ፤ ዓረፍተ ነገሯ እኮ እውነት ናት። በግዕዝ። ከኮረብታው ጀርባ ያለችው ሴትዮ በሪፖርቱ ውስጥ የለችም።

ስቶካስቲክን በወጉ የተዋወቅሁት ከዚህ ሁሉ ከዓመታት በኋላ ነው። ቃሉንማ በተማሪነቴ ሸምድጄዋለሁ። ሥሩን ያገኘሁት ግን ሌላ ነገር ስፈልግ በአጋጣሚ ነው። ግሪክ ነው። «ስቶኮስ» ማለት ዒላማ ነው። ከእሱ ማነጣጠር የሚል ግስ ይወጣል፤ ግሱ ቀስ በቀስ መገመት የሚል ትርጉምም ያዘ። «ስቶካስቲኮስ» ደግሞ ማነጣጠር የሚችልበት፣ ገምቶ የሚመታ ሰው ነው። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። እኔ ቃሉ ትርምስን የሚናገር ይመስለኝ ነበር። ለካስ የሚናገረው ስለ ቀስተኛ ነው! ዓይኑን ጨፍኖ ስለሚወረውር ሰው አይደለም። ዒላማውን አይቶ፣ ነፋሱን አስቦ፣ እጁን አጽንቶ ከለቀቀ በኋላም ሊስት እንደሚችል ስለሚያውቅ ሰው ነው።

እኛም ይህ ሐሳብ አለን፤ አላስተዋልነውም እንጂ። «ስህተት» የመጣው ከየት ነው? «ሳተ» ከሚለው ነው። ቀስቱ ዒላማውን ሳተ፤ ሰውየውም ሳተ። የናሙና ስህተት ስንል ጥፋት ሠራን ማለታችን አይደለም። በትክክል አነጣጥረን ትንሽ ሳትን፣ የሳትነውም በዚህን ያህል ሊሆን ይችላል ማለታችን ነው። ይህን በተማሪነቴ የነገረኝ ሰው ቢኖር ግማሽ ዓመት ይተርፈኝ ነበር።

ግሪኮቹ አንድ ቆንጆ ነገር ነበራቸው። ሕክምናንና መርከብ መንዳትን የግምት ጥበብ ብለው ይመድቡ ነበር፤ በዚሁ በስቶካስቲክ ቃል። አናጢ በሥርዓቱ ከሠራ በሩ በር ይሆናል። ሐኪሙ ግን ሁሉን በሥርዓቱ ሠርቶ በሽተኛው ሊሞት ይችላል። መርከበኛው ጥበቡን አሟልቶ ማዕበል ሊያሰምጠው ይችላል። ስለዚህ እነዚህን ሰዎች የምትመዝናቸው በመጨረሻው ውጤት ሳይሆን ማድረግ የሚገባቸውን ሁሉ በማድረጋቸው ነው። ይህን ሳነብ ልጁን አሰብኩ። እኔ የመዘንኩት በውጤቱ ነው። እንዴት እንዳነጣጠረ በእርሳስ ጽፎልኝ ሳለ።

ቃሉን ወደ ሒሳብ ያመጣው ያዕቆብ በርኑሊ ነው፤ የስዊዘርላንዷ የባዝል ከተማ ሰው። «የመገመት ጥበብ» የተባለው የላቲን መጽሐፉ የታተመው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1713 ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው።) እሱ ራሱ በ1705 ስለሞተ አላየውም፤ ለኅትመት ያበቃው የወንድሙ ልጅ ኒኮላስ ነው። እዚያ ውስጥ የግምትን ጥበብ «ስቶካስቲቼ» ብሎ በግሪኩ ስም ይጠራዋል። ግምት ማለት ለእሱ የአንድን ነገር የመሆን ዕድል በተቻለ መጠን በትክክል መለካት ነው።

እዚያው ላይ እንዲህ የሚል ሐሳብ አለው፦ ምልከታው በበዛ ቁጥር ከዒላማው የመሳት አደጋው እንደሚቀንስ ማንም ደንቆሮ እንኳ በተፈጥሮው ያውቀዋል። ይህን የሚያውቁትን ነገር በሒሳብ ለማረጋገጥ ግን እሱ ራሱ 20 ዓመት አውጥቶ አውርዶታል። አየሽ፣ ዒላማው እዚህም አለ። ግን አንድ ነገር ልጨምርበት። ምልከታው መብዛቱ የሚረዳው ቀስቱ ያልተጣመመ ከሆነ ብቻ ነው። የእኔ ስድስት ሰዎች በ20 ቤት ፋንታ 200 ቤት ከመንገድ ዳር ቢጠይቁ ኖሮ የበለጠ እርግጠኛ የሆነ ውሸት እናገኝ ነበር። ዛሬ «ትልቅ ዳታ አለን» እያሉ ደረታቸውን የሚነፉ ወጣቶች ሳይ ይኼ ነው ትዝ የሚለኝ። ውሻ ያለበትን ቤት ዘልላችሁ እንደሆነስ?

ከበርኑሊ በኋላ ቃሉ ለረጅም ጊዜ ተኛ። በ1917 የቀሰቀሰው ላዲስላውስ ቦርትኪየቪች ነው። ሴንት ፒተርስበርግ ተወልዶ በርሊን ያስተማረ ሰው ነው፤ ቃሉን ከበርኑሊ መውሰዱንም ራሱ ተናግሯል። ይህን ሰው የምታውቁት በፈረስ እርግጫ ይሆናል። የፕሩሲያን ጦር መዝገብ አገላብጦ ፈረስ ረግጧቸው የሞቱ ወታደሮችን ቆጠረ። በመማሪያ መጻሕፍት የሚጠቀሰው የ10 ኮር (ትልቅ የጦር ክፍል ነው) የ20 ዓመት መዝገብ ነው፤ በድምሩ 200 ዓመት እንበለው። ሟቾቹ 122 ናቸው። ከ200ዎቹ በ109ኙ ማንም አልሞተም። በ65ቱ አንድ ሰው፣ በ22ቱ ሁለት፣ በ3ቱ ሦስት፣ በአንዱ ብቻ አራት ሰው ሞቷል። አሁን 122ን ለ200 አካፍሉና አልፎ አልፎ ለሚደርሱ ነገሮች የሚያገለግለውን የፑዋሶንን ቀመር አስሉ። ማንም ያልሞተባቸው ወደ 109 ገደማ፣ አንድ የሞተባቸው ወደ 66 ገደማ መሆን አለባቸው ይላል። እስቲ አስቡት፤ ፈረሱ ቀመር አያውቅም። ልጓም ከበጠሰ ፈረስ ስም ያገኘው ሙያ መልሶ ፈረሱን ሲቆጥረው ደንብ አገኘበት። ወጣት ሳለሁ ይህን ሠንጠረዥ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌው ነበር። ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት ስዞር ጠፋብኝ።

በ1930ዎቹ ኮልሞጎሮቭና ኪንቺን የተባሉት ሩሲያውያን በጀርመንኛ በጻፏቸው ሥራዎች ቃሉን ይዘውት ወጡ። አሜሪካዊው ዱብም ተከተለ። ከዚያ ወዲህ ስቶካስቲክ ፕሮሰስ የሚለው የዓለም ቃል ሆነ።

አሁን ስለ እናንተ ትንሽ ልናገር። «ራንደም» አፋችሁ ላይ ነው። «ራንደም ሰው ደወለልኝ»፣ «ራንደም ነገር ሆነ» ትላላችሁ። ግድ የለም፤ ቋንቋ ነው። የሚያናድደኝ ሥራ ላይ ስትቀመጡ ነው። አንድ መስመር ኮድ ትጽፋላችሁ፤ ኮምፒውተሩ ይመርጥላችኋል። ሲድ ላይ፣ ማለትም መነሻ ቁጥሩ ላይ፣ 42 ታስገባላችሁ። ለምን 42 ስትባሉ «ሁሉም እንደዚያ ያደርጋል» ነው መልሱ። ኮምፒውተሩ የሚሰጣችሁ ቁጥር እኮ ከቀመር የሚወጣ ነው፤ ያንኑ ሲድ ከሰጣችሁት ያንኑ ይደግመዋል። የሒሳብ ሊቁ ፎን ኖይማን በ1951 ይህን ሲያሾፍበት፣ በሒሳብ መንገድ የዘፈቀደ አሃዝ አመርታለሁ የሚል ሰው ኃጢአት ውስጥ ነው ብሎ ነበር። ትዕግሥት የላችሁም፤ ከቃሉ በታች ያለውን ለማየት አትቆሙም። እንዲህ ስል ደግሞ ያቺ ልጅ ትዝ ትለኛለች። ቆማ የጠየቀችው እሷ ናት፤ ያለፋት መምህሯ ነው። ያኔም የጠየቀው የ19 ዓመቱ ነው፤ ያለፍኩት የ29 ዓመቱ እኔ ነኝ። እንግዲያው ስለ ወጣቶች የጻፍኩትን ሰርዙት። ወይም ተዉት፤ ስለ 42 ያልኩት እንኳ ልክ ነው።

የሰው እጅ ራሱ ዕጣ አያውቅም። ክፍል ውስጥ ደጋግሜ የሞከርኩት አንድ ጨዋታ አለ። ግማሹን ክፍል ሳንቲም 200 ጊዜ ወርውራችሁ ውጤቱን በቅደም ተከተል ጻፉ እላለሁ። ግማሹን ደግሞ ሳትወረውሩ ከጭንቅላታችሁ ፈጥራችሁ ጻፉ። ወረቀቶቹ ተቀላቅለው ሲመጡልኝ በዓይኔ እለያቸዋለሁ። ፈጥሮ የሚጽፈው ሰው አንድ ዓይነት ውጤት ስድስት ጊዜ ለመደርደር እጁ ይፈራል። በእውነተኛ 200 ውርወራ ግን ከ100 ጊዜ ከ96 በሚበልጠው ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ድርድር ይገኛል።

ዕጣ ብትሉም ዕጣው መማሰል አለበት። በታኅሣሥ 1969 አሜሪካ ውስጥ ለጦር ምልመላ የልደት ቀን ዕጣ ወጣ። 366 ትንንሽ እንክብሎች፣ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ የልደት ቀን። ቀድሞ የወጣ ቀን ቀድሞ ይዘምታል። እንክብሎቹ በወር በወር ነው ሳጥን ውስጥ የተጨመሩት፤ ከዚያም በደንብ አልተማሰሉም። አማካይ የዕጣ ቁጥር ለሁሉም ወር ወደ 183.5 መጠጋት ነበረበት። ለጃንዋሪ ልጆች 201.2 ሆነ፤ ለዲሴምበር ልጆች 121.5። ማንም ክፉ አላሰበም። ዝም ብለው አወጡ። በቀጣዩ ዓመት ቀኖቹን በአንድ በርሜል፣ ቁጥሮቹን በሌላ በርሜል አድርገው አስተካከሉት። ወጣቶቹ ግን አንዴ ተጠርተዋል።

እንግዲህ ምክር ስጥ ከተባልኩ፣ ሒሳብ አጥኑ፣ በሰዓቱ ተገኙ የሚለውን ሌላ ሰው ይንገራችሁ። የእኔ ትንሽ ናት። ሰው ልታሰማሩ መመሪያ ስትጽፉ «በዘፈቀደ» አትበሉ። «ዕጣ ጣሉ» በሉና እንዴት እንደሚጣል ጻፉ፤ ከላጲሱ የበዛ መስመር ስጡት። እንዴት እንደመረጣችሁም ሽፋኑ ላይ ጻፉ፤ የሚያሳፍር ቢሆንም። በቃ።

ለካስ የአንቺን ጥያቄ እስካሁን አልመለስኩም። ልዩነታቸው ምንድን ነው ብለሽ ነበር። በሒሳቡ ከሞላ ጎደል አንድ ናቸው። በልማድ ግን ነጠላውን ነገር ራንደም ይሉታል፤ ራንደም ናሙና፣ ራንደም ተለዋዋጭ። በጊዜ ውስጥ እየሄደ የሚቀያየረውን ደግሞ ስቶካስቲክ ፕሮሰስ ይሉታል። ራንደም ፕሮሰስ ብትዪም ማንም አያርምሽም። ይህ ልማድ ከየት መጣ ካልሽ አንዱን ክፍል ልነግርሽ እችላለሁ። ቅድም ያነሳሁት ዱብና ሌላው የሒሳብ ሰው ፌለር የየራሳቸውን መጽሐፍ ሲጽፉ ተከራከሩ። ፌለር ሰው ሁሉ የሚለው «ራንደም ተለዋዋጭ» ነው አለ። ዱብ የለም፣ «የዕድል ተለዋዋጭ» ነው የሚሉት አለ። ሁለቱ መጽሐፎች አንድ ስም መጠቀም ነበረባቸው። አልስማማ ሲሉ ዕጣ ተጣጣሉ፤ ፌለር አሸነፈ። ዱብ ይህን ሲያወራ ጉዳዩን በስቶካስቲክ መንገድ ፈታነው ብሏል። መምህርሽ ፈተና ላይ አይመጣም ያለው ልክ ነው፤ አይመጣም።